የሻምበል አርባ አንድ እርማቶች

«ይሄን ሁሉ ፎቶ ማን ፈቅዶ ነው ግድግዳ ላይ የለጠፈው?»

መርማሪዋ ይህን ስትናገር አንድ እግሯ ገና ደጅ ነበር። አራት ፎቅ በደረጃ ወጥታ ትንፋሿ አልተመለሰላትም፤ ለቁጣ የሚሆን ትንፋሽ ግን አጥታ አታውቅም። ከፊቷ ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ደም በተረጨበት ክፍል፣ በረገፈ መስታወትና በተዘረሩ ሰዎች ምስል ተሞልቷል።

«ሬሳው ሳይነሳ ፎቶው ታትሞ ይሰቀላል? ሃምሳ አለቃ! ኤግዚቢሽን ልትከፍት ነው?»

«እኔ?» አለ ሃምሳ አለቃው ከኋላዋ እያለከለከ። «እኔ ካሜራውን እንኳ ከመኪና አላወረድኩም፣ ኢንስፔክተር።»

«የእኔ ናቸው» አለ ከጥጉ አንድ ድምፅ። ቀጭን ሴት ናት፤ ጉልበቷን አቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። «ፎቶ አይደሉም፣ ሥዕል ናቸው። እኛ ጌም ነው የምንሠራው፤ የተኩስ ጌም። ሻምበል ያሉት ከኋላ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ዝም ይል ነበር። መርማሪዋ ግን ስታፍር ትጠይቃለች። ስለዚህ ነው ጣቢያው ውስጥ፣ በሌለችበት፣ «እትዬ ለምን» የሚሏት። ትልቁ ሥዕል ፊት ቆመች። በር የሚያህል ሽጉጥ ነው፤ አንድ ጥይት ተተኩሷል፤ ባዶው ቀለሃ እንደ ወርቅ እያብለጨለጨ ወደ ግራ ይበርራል፤ ጭሱ እንኳ ተቆጥሮ የተሳለ ይመስላል።

«ጎበዝ ነሽ» አለቻት። «ሰው ታስደነግጫለሽ።»

«አመሰግናለሁ» አለች ሠዓሊዋ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ሻምበል ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ጌሙ ውስጥ ያለው መሣሪያ ከእውነተኛው ጋር እንዲመሳሰል እንዲያማክሩ ከተቀጠሩ ሁለት ዓመታቸው ነበር። የተሰጣቸው ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለች፣ ቀድሞ የወረቀት መጋዘን የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ጠዋት የፅዳት ሠራተኛዋ በሩን ስትከፍት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀኝ ጎናቸው ወደ በሩ፣ አንገታቸው ወደ ግራ ተዘንብሎ አገኘቻቸው። ጥይቱ ከቀኝ ጆሯቸው በላይ ነው የገባው። ለድምፅ ቀረጻ የሚጠቀሙበት የራሳቸው ሽጉጥ ከተንጠለጠለው ቀኝ እጃቸው ሥር ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ራሳቸውን ነው» አለ ሃምሳ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብቸኛ ሰው ነበሩ ይላሉ። ሚስት የለ፣ ዘመድ የለ፤ አንድ ልጅ ብቻ።»

«ብቸኛ ሰው ሁሉ ራሱን ቢገድል፣ ነገ ጠዋት ጣቢያ ማን ይገባል?» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ተንበርክካ ሥራዋን ጀመረች።

ቀለሃው ከወንበሩ በስተግራ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። በወረንጦ አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። የተጠራረገ ሳህን ይመስላል፤ የጣት ወዝ እንኳ የለበትም። ከታች ባለው ቀጭን ስርጉድ ውስጥ ብቻ አንዲት ጥቁር ፍርፋሪ ተጣብቃለች። መሳቢያውን ከፈተች፦ የማንበቢያ መነጽር፣ ማስቲሽ፣ የደም ግፊት ኪኒን። ኪኒኑን ቆጠረች፤ አሥራ ስምንት ፍሬ። ጠረጴዛው ላይ ረጅም ዝርዝር አለ፤ ከአንድ እስከ አርባ አንድ የተቆጠረ፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ የቆመ የወታደር ጽሑፍ። ርዕሱ «ጌሙ ውስጥ መታረም ያለባቸው» ይላል። ከስልኩ አጠገብ ደግሞ ሁለት መስመር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ነበረች። መርማሪዋ አነበበቻት፤ ደግማ አነበበቻት፤ በፖስታ አድርጋ ቦርሳዋ ከተተቻት።

ከክፍሉ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ወደ ውስጥ ዞረች። በስተቀኟ ኮሪደሩ ላይ ሌላ በር አለ፤ የድምፅ ክፍሉ። ድምፅ እንዳያሾልክ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ስፖንጅ ተለብዷል፤ ደፉ ላይም የስፖንጅ ቁራጭ ተነጥፏል። ጎንበስ አለች። የተነጠፈው ስፖንጅ ላይ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ቦታ ቀልጣ ደርቃለች።

«ምን አገኙ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ወገብ ሕመም» አለች እየተነሳች።

የሕንጻው ጥበቃ ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው እንዳልነበረ ተናገረ። ከሻምበል ሌላ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሠዓሊዋ፣ ሁሉም «ጆሮ» የሚሉት የድምፅ ባለሙያና ሥራ አስኪያጁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ ሰዓቱን ነገራት።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የደንበኛ ሱሪ እየለካሁ ነበር።»

«ተኩስ ሰምተው ዝም አሉ?»

«እትዬ፣ ከላዬ ስድስት ዓመት ጦርነት ነው። በስፒከር ነዋ! ሲተኩሱ ጣራው ይንቀጠቀጥብኛል፤ ተራራ ለተራራ ያስተጋባል። የትናንቱ እንደዚያ አልነበረም። ጣውላ ሲሰበር እንደሚሰማው፣ ቀጭ! አለና አለቀ። መደርደሪያ ወደቀባቸው ብዬ ሱሪዬን ቀጠልኩ።» ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለው። «ያ ነው የእውነተኛው? እንደዚያ ትንሽ ነው?»

ጆሮ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንደ ሐብል አንጠልጥሎ ይሄዳል።

«በርህ ሥር ሰው ተገደለ» አለችው። «አንተ ደግሞ ስምህ ጆሮ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ይሄንኑ ነው ለራሴ የምነግረው» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «በሩ ዝግ፣ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ። ቀኑን ሙሉ ተኩስ ነው የምሰማው፣ እትዬ። አንድ ሲጨመር በምን ልወቅ?»

«ከሻምበል ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ተኩስ ምን እንደሆነ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።» ኮሌታውን ሳብ አድርጎ አንገቱ ላይ ያለች የባቄላ ቅርጽ ያላት ጠባሳ አሳያት። «ባለፈው ዓመት ለቀረጻ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ወሰዱን። በቀኛቸው በኩል ማይክ ይዤ ቆምኩ። የመጀመሪያዋ ቀለሃ ቀጥ ብላ አንገቴ ውስጥ! ስዘል ሠዓሊዋ ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠች። ሻምበል ብቻ አልሳቁም፤ ‹አሁን ተማርክ› አሉኝ።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«እሱ ሜዳው አልመጣም፤ ስብሰባ ነበረበት። እሱ መቼ ስብሰባ የለበትም?»

ሠዓሊዋን ያናገረቻት ሃምሳ አለቃው በተገኘበት ነው፤ እሱ ገና ከመጀመሪያው በዓይኑ አስሯታል። ከሻምበል ጋር በጣም የምትጨቃጨቀው እሷ እንደሆነች ሰምቷል።

«በምን ነበር የምትጣሉት?» አላት።

«በሁሉም! ‹ሮጦ የመጣ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያንቺ ሰውዬ ግን ክር በመርፌ ሊያስገባ የተቀመጠ ይመስላል› ይሉኛል። ‹የጥይት ካዝና ግማሽ ላይ ስትቀይሪ፣ በተጣለው ካዝና ውስጥ የቀረው ጥይት ዘሎ ኪስሽ አይገባም› ይሉኛል። ‹ሽጉጥ ይራገጣል፤ ያንቺ ግን እንደ እርሳስ ነው› ይሉኛል።» ለመሳቅ ሞክራ አልሆነላትም። «ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው ከጎኔ ይቀመጣሉ። አይበሉም። ይቀመጣሉ ብቻ።»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይስ?»

«እዚሁ፣ ይሄ ወንበር ላይ። ሙዚቃ ከፍቼ።» አንገቷን ደፋች። «ሦስታችንም ጆሯችንን ደፍነን ተቀምጠን ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻው ነው። ፀጉሩን በጥንቃቄ ያበጠረ፣ ሐዘኑንም አብሮ ያበጠረ የሚመስል ሰው ነው። የሽጉጡ ሣጥን ቁልፍ ሁለት መሆኑን፣ አንዱ በእሱ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀመጥና ይህንን ሁሉም እንደሚያውቅ ሳይጠየቅ ተናገረ። ሻምበል ሰሞኑን ከፍቷቸው እንደነበርም ጨመረ።

«ዝርዝራቸውን አይተውታል?»

«እንዴ! ቃል በቃል ነው ያነበብኩት። አንድ በአንድ አስተካክለናል። በሚቀጥለው ሳምንት ገዢዎቹ ይመጣሉ፤ ሻምበልም ‹ልክ እንደ እውነቱ ነው› ብለው ሊፈርሙልን ነበር። ይቀመጡ ላሳይዎ።»

ስክሪኑን አበራ፤ ድምፁንም እስከ ጥጉ ከፈተው። መርማሪዋ ጆሮዋን ያዘች፤ እሱ ግን ቅር አላለውም። ስክሪኑ ላይ አንድ እጅ ሽጉጥ አነሳ፣ ተኮሰ፣ መልሶ ተኮሰ። በጥጉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ በአንድ ቀነሰ።

«ይዩት!» አለ። እንደ ልጅ ፊቱ በራ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሌላ ሕይወት አልነበረኝም። እያንዳንዷ ነገር እውነት ናት። ቀለሃዋ እንኳ ወደ ግራ ስትወጣ ጭሷን ይዛ ነው።»

«በጣም ያምራል» አለች መርማሪዋ። እውነቷን ነው፣ ያምር ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ቧንቧው ነው። እንደገና ማንጠባጠብ ጀመረ።»

«ባለፈው ወር አዲስ ነው እኮ የቀየርኩልሽ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያንጠባጥባል።»

«እሺ፣ ሲመቸኝ ብቅ እላለሁ።» ተዘጋ። ቧንቧውማ ከተቀየረ ወዲህ አንዲት ጠብታ ጠብ አድርጎ አያውቅም። መርማሪዋ ስልኩን ለጥቂት ጊዜ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች፤ ሰው አሁንም እያናገራት ይመስል ነበር።

ቀና ስትል የሻምበል ልጅ ከፊቷ ቆማለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጩን ጋውን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው።

«ደውሎልኝ ነበር» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። «ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ። ሰልፍ ነበረብኝ፤ በኋላ እደውልለታለሁ ብዬ ስልኩን ገለበጥኩት። በኋላ ስደውል አያነሳም።» ጋውኗን በሁለት እጇ ጨመደደችው። «ሌላ አልጠይቅዎትም። ሊሰናበተኝ ነው የደወለው? ባነሳለት ኖሮ አያደርገውም ነበር? ይሄን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሳላውቀው መኖር አልችልም።»

መርማሪዋ የማታውቀውን አትናገርም፤ ይህም ልጇን ጨምሮ ብዙ ሰው አስቀይሞባታል። «ነገ ከሰዓት እዚህ ነይ፣ ልጄ» ብቻ አለቻት።

ወደ ማታው ላይ የሐኪሙ ወረቀት ደረሰ። መርማሪዋ አንድ መስመር አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉም ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ ከተሳሉት ሙታን ሥር ተቀመጡ። መርማሪዋ ከመናገሯ በፊት ሦስቱን ተራ በተራ ወደ ሻምበል ክፍል ወሰደች። ባዶ ሽጉጥ ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ወደ ወንበሩ አነጣጠረች፤ ለእያንዳንዳቸው ባዶ ቀለሃ ሰጠች። «ከዚህ ብተኩስ ይህቺ የት ትወድቃለች? አስቀምጡልኝ።» በመጨረሻ ሦስቱም ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሻምበል ራሳቸውን አልገደሉም» አለች።

የሻምበል ልጅ አፏን በእጇ ያዘች።

«አፈሙዙን ቆዳው ላይ አስጠግቶ የተኮሰ ሰው፣ ቆዳው ላይ የባሩድ ጥላሸት ይቀራል። ሐኪሙ ምንም አላገኘም። ጌም ውስጥ ከቅርብም ከሩቅም የተተኮሰበት ሰው እኩል ነው የሚወድቀው፤ እዚህ ግን እኩል አይደለም። የተተኮሰባቸው ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ከቆመ ሰው ነው። ከቀኝ ጎናቸው ሁለት እርምጃ ላይ ያለው በሩ ነው።»

«በሩ ላይ ማን ቆመ ታዲያ?» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ሠዓሊዋን ከዓይኑ ሳያወርድ።

«ቆይ፣ እሷን ተዋት። የሻምበል ሽጉጥ፣ እንደ አብዛኛው ሽጉጥ፣ ቀለሃውን የሚተፋው ወደ ቀኝ ነው። በሩ ላይ ለቆመ ሰው በስተቀኙ ያለው የድምፅ ክፍሉ በር ነው። ትኩሷ ቀለሃ ደፉ ላይ ወድቃ ስፖንጁን አቅልጣለች፤ ፍርፋሪውም ሥሯ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ገዳዩ አያት። ኮሪደር ላይ የወደቀች ቀለሃ ‹ተኳሹ በሩ ላይ ነበር› ብላ እንደምትመሰክር ገባው። አነሳት፣ ጠራረጋት። እዚህ ላይ አበዛው፤ ጥይቱን የሞሉት ሻምበል ናቸው፣ የእሳቸው የጣት አሻራ እንኳ ሊኖርባት ይገባ ነበር። ከዚያ ወደ ክፍሉ አስገብቶ ‹መውደቅ ያለባት ቦታ› ብሎ ያመነበት ቦታ ላይ አስቀመጣት። በግራ በኩል። ሻምበል በቀኝ እጃቸው ራሳቸው ላይ ቢተኩሱ ኖሮ ወደ ፊት ወይም ወደ ቀኝ ነበር የምትሄደው። ወደ ግራ ለመሄድ ጭንቅላታቸውን መዝለል ነበረባት።»

«ወደ ግራ!» አለ ሃምሳ አለቃው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ሥዕል ጠቆመ። «አልኩ እኮ! ወደ ግራ አድርጋ የሳለችው እሷ ናት!»

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

ጥያቄው ለሠዓሊዋ ነበር። «ስድሳ የእውነተኛ ሽጉጥ ፎቶ አለኝ» አለች ሠዓሊዋ። «ወደ ቀኝ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ግን ተጫዋቹ ሽጉጡን የሚያየው ከግራ ጎኑ ነው፤ ቀኙ ስክሪኑ ላይ አይታይም። ቀለሃው እንዲታይና እንዲያምር ብዬ ገና በመጀመሪያው ወር ገለበጥኩት። ሻምበል በዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ነዝንዘውኛል።»

«ያጣመመው ሰው ቀጥታውን ያውቀዋል» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ በቀኝ ነው ያስቀመጠችው። ጆሮም በቀኝ፤ እሱ ትምህርቱን አንገቱ ላይ ይዞት ነው የሚዞረው። በግራ ያስቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሴኮንድ እንኳ አላሰበም።»

ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የእኛን ጌም የተጫወተ ሁሉ ግራ ነው የሚያስቀምጠው!»

«ልክ ነው። ግን ከትናንት ወዲያ በዚህ ፎቅ ላይ ከነበሩት ውስጥ ጌሙን ያመኑት እርስዎ ብቻ ነዎት።» ዝርዝሩን አቀበለችው። «ቃል በቃል አንብቤዋለሁ ብለውኛል። ሰባተኛዋን ለሁላችን ያንብቡልን።»

ወረቀቱን ተቀበለ። ዓይኑ ቁጥሯን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት። «‹ሰባት። ቀለሃው የሚወጣው ወደ ቀኝ ነው። ይህን ስጽፍ አሥራ አንደኛ ጊዜዬ ነው።›» ድምፁ ወረደ።

«እሳቸው ይህ ሳይታረም አልፈርምም፣ ለገዢዎቹም እጽፋለሁ ብለው እንደነገሩዎት በዝርዝሩ ጀርባ ጽፈዋል። እርስዎም ስድስት ዓመትዎን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ቁልፉ በእጅዎ ነበር። የመጨረሻዋንም ያንብቡ።»

«‹አርባ አንድ። ሰው ከተኮሰ በኋላ ጆሮው ይጮኻል፤ ሌላ ምንም አይሰማም። ያን ጊዜ ብቻውን ነው። ይህ ጌሙ ውስጥ የለም።›»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በመዳፉ አለሰለሰው።

«አልቆመም» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ጩኸቱ። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስፒከሩን እከፍታለሁ፣ አይሸፍነውም። እኔ እኮ ሺህ ጊዜ ተኩሻለሁ፣ ስክሪኑ ላይ… እንደዚህ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ማን እንደነገረው ጉልበቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ማንም ደፍሮ አላመለከተውም። ሃምሳ አለቃው እጁን ይዞ ሲያስነሳው ሠዓሊዋን ላለማየት ጣራውን ያይ ነበር።

የሻምበል ልጅ ደረጃው ላይ መርማሪዋን ጠበቀቻት። ከበፊቱ ይልቅ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ዓይኗ ላይ ግን ያ ጥያቄ ገና አለ።

«ስለዚህ ሊሰናበተኝ አልነበረም።»

«አልነበረም። ከመደወላቸው በፊት የሚናገሩትን ይጽፉ ነበር?»

«ሁልጊዜ። ወታደር አይደል? ነጥብ በነጥብ።»

መርማሪዋ ቁራጯን ወረቀት ከፖስታው አውጥታ ሰጠቻት። «‹ለልጄ። አንድ፦ የግፊት ኪኒን አልቋል። ሁለት፦ እሁድ ይመቻታል ወይ?›» ልጅቱ አነበበች። ከዚያ የመድኃኒት ባለሙያነቷ ቀድሞ ነቃና ግንባሯን ቋጠረች።

«ግን እኮ አላለቀም። ሠላሳ ፍሬ ነው የሰጠሁት፤ እስከዚያ ቀን ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። አሥራ ስምንት ሊቀረው ይገባል።»

«መሳቢያው ውስጥ አለ። ቆጥሬዋለሁ፣ አሥራ ስምንት ነው።»

«ታዲያ እያለው ለምን አልቋል ይለኛል?»

መርማሪዋ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቁልቁል ለመውረድ ጀመረች።

«የእኔ ቧንቧ ያንጠባጥባል» አለች፣ ሳትዞር።